የመተንፈሻ ማሽንን ለረጅም ጊዜ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደረትና ሆድ ላይ ሲጫን ሳንባ እንደልቡ አይሰፋም። ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ጉሮሮ ይጠባል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የጠዋት ራስ ምታትና የቀን ድብታ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመጣል። ለዚህ ሐኪም የሚያዘው ሲፓፕ ወይም ባይፓፕ የሚባል የመተንፈሻ ማሽን ነው። ሲፓፕ በማያቋርጥ ግፊት ጉሮሮን ክፍት ያደርጋል። ባይፓፕ አየር ሲስቡ ግፊቱን ይጨምራል፣ ሲያስወጡ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ይመርመሩ። ማሽኑና ግፊቱ የሚመረጡት በእንቅልፍ ምርመራና በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለካት ነው። የሰው ማሽን አይዋሱ፤ ግፊቱንም በራስዎ አይነካኩ።

ከዚያ ከማሽኑ አየር የሚቀበሉበትን የፊት ማስክ ይምረጡ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ በማስኩ ተማሮ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከት ሰው ሞልቷል። ተጋድመው፣ ማሽኑ በርቶ ይለኩት፤ ቆመው ልክ የሆነው ሲተኙ ሊላቀቅ ይችላል። አየር ካፈተለከ ማሰሪያውን ለማጥበቅ አይሩጡ። ማስኩን ከፊትዎ ትንሽ ሳብ አድርገው መልሰው ያስቀምጡት። ከልክ በላይ ማጥበቅ አፍንጫን ያቆስላል፣ ማፈትለኩንም ሊያባብስ ይችላል። አፍ ከፍተው የሚተኙ ከሆነ አፍንጫና አፍን የሚሸፍነውን ይጠይቁ። እሱን አድርገው ካስመለሰዎት ግን ወዲያው ያውልቁት።

ለመልመድ ቀን ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ጥቂት ደቂቃ ያድርጉት። አፍንጫ ከደረቀ አየሩን የሚያረጥበው የማሽኑ የውሃ ማጠራቀሚያ ይረዳል። ግቡ ሌሊቱን ሙሉ ነው። በአንድ ሌሊት ለ4 ሰዓት ያህል መጠቀም ብዙ ጊዜ እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ይወሰዳል፤ እዚያ ላይ ማቆም ግን አይበቃም። ቀን ሲያሸልቡም ይጠቀሙበት።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ፊት የሚነካውን ክፍል በየቀኑ፣ ቱቦውን በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይጠቡ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ያድርጉ፤ ጠዋት ይድፉት።

ስለተሻለዎት ብቻ አያቁሙ። ክብደት ከቀነሱ ሐኪሙ እንደገና ይለካዎት፤ ግፊቱ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። የእንቅልፍ ክኒንና አልኮል ትንፋሽን ያዳክማሉ። ኦክስጅን ብቻውን፣ ያለ ማሽኑ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሊያባብስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞክሩት። ማሽኑን የሚጠቀመው ሰው ግራ ከተጋባ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ማሽኑንም ይዘው ይሂዱ።