ጥንታዊ ሐውልቶችን ከህዋ የመጡ ፍጡራን ሠሯቸው የሚል ወሬ ሲደርስዎ እንዴት ይመረምሩታል?

የጊዛን ፒራሚዶች፣ የአክሱምን ሐውልቶች ወይም የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሰው እጅ ሳይሆን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሠርተዋቸዋል የሚሉ ቪዲዮዎች በቴሌግራምና በዩቲዩብ በብዛት ይዘዋወራሉ። አብዛኞቹ የሚነሡት ካለቀው ሥራ ነው፤ ግዙፉን ድንጋይ ያሳዩና «ይህን ያለ ክሬን ማን አነሣው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጉዳዩን በእርጋታ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ግን ያላለቀውን፣ የተሰበረውንና የተጣለውን ፈልጎ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

በቅድሚያ ድንጋዩ የወጣበትን ካባ ይፈልጉ። በግብፅ፣ አስዋን ውስጥ፣ 42 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ1,000 ቶን በላይ ክብደት ያለው የግራናይት ሐውልት ከአለቱ ሳይላቀቅ ዛሬም ተጋድሞ ይገኛል። ሥራው እየተካሄደ ሳለ አለቱ ስለተሰነጠቀ ጠራቢዎቹ ትተውት ሄደዋል። በዙሪያው የተቆፈረው ቦይ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ሊሠራበት የሚችል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ግራናይቱ ዶለራይት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ተደጋግሞ በመመታቱ የተፈጠሩ ጎድጓዳ ምልክቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታዩበታል፤ የቁፋሮውን ጥልቀት ለመከታተል በቀይ ቀለም የተሰመሩ መስመሮችም ተገኝተውበታል። መምቻ ድንጋዮቹ ራሳቸው እዚያው ካባው ውስጥ ቀርተዋል። ከዋክብትን አቋርጦ የመጣ እንግዳ ድንጋይን በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ይውላል ብሎ ማመን ይከብዳል።

የአክሱምም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከከተማዋ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጎቦ ድራ ኮረብታ ላይ፣ ሽብልቅ አስገብቶ አለቱን ለመፈልፈል በተርታ የተቦረቦሩ ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ። 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ትልቁ ሐውልት ደግሞ ወድቆ ተሰባብሯል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ሊያቆሙት ሲሞክሩ ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያስባሉ።

ቀጥሎ ከሐውልቱ በፊት የተሠሩትን ይመልከቱ። የግብፁ ንጉሥ ኩፉ በጊዛ ያሠራው ታላቅ ፒራሚድ ከሰማይ ዱብ ያለ ሥራ አይደለም። ከእርሱ በፊት የጆሰር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ነበረ፤ የኩፉ አባት ስኔፍሩ ደግሞ በዳህሹር ያሠራው ፒራሚድ፣ ግንቡ መሐል ላይ ሲደርስ የጎኑ ተዳፋት ከ54 ዲግሪ ገደማ ወደ 43 እንዲቀንስ ስለተደረገ፣ ጎባጣ ሆኖ ቀርቷል። ስኔፍሩ ቀጥሎ ያሠራው ቀዩ ፒራሚድ ከመነሻው ጀምሮ በዚሁ ዝቅተኛ ተዳፋት የተገነባ ነው።

ከዚያ በኋላ የጽሑፍ ማስረጃ መኖሩን ያጣሩ፤ ብዙውን ጊዜ ቪዲዮዎቹ የሚዘሉት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በተባለ ጥንታዊ ወደብ፣ በፒየር ታሌ የሚመራ ቡድን በኩፉ ዘመን የተጻፉ የፓፒረስ ቁርጥራጮችን አገኘ። ከእነርሱ መካከል መረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ የያዘው የሥራ መዝገብ ይገኝበታል። መረር 40 ያህል ሰዎችን እየመራ ከቱራ ካባ የተጠረበውን ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ ያመላልስ ነበር፤ የትኛው ቀን እንደጫኑ፣ የት እንዳደሩ፣ መቼ እንደደረሱ በየዕለቱ ተመዝግቧል። በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለሱ እንደነበርም ከዚሁ ይታወቃል። አብረው የተገኙት ሌሎች ቁርጥራጮች የቀለብ ሒሳብ ናቸው። በፒራሚዱ ውስጥም ቢሆን፣ ከንጉሡ ክፍል በላይ በሚገኙት ጠባብ ክፍተቶች፣ የኩፉን ስም የያዙ የሠራተኛ ጭፍሮች መጠሪያዎች በቀይ ቀለም ተጽፈው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ የተገለበጡ በመሆናቸው ድንጋዩ ቦታው ላይ ከመቀመጡ በፊት እንደተጻፉ መረዳት ይቻላል። ከፒራሚዶቹ በስተደቡብ በተደረገው ቁፋሮ ደግሞ የሠራተኞቹ መኖሪያ፣ የዳቦ መጋገሪያዎችና ለምግብ የታረዱ ከብቶች አጥንት ተገኝተዋል።

«ቁጥሩ የማይቻል ነው» ለሚለው ክርክር እርሳስና ወረቀት ይያዙ። ፒራሚዱ 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋዮች እንዳሉት ይገመታል። በ20 ዓመት ቢካፈል በቀን 315 ገደማ ይሆናል፤ በ10 ሰዓት የሥራ ቀን ሲታሰብ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ማለት ነው። አስደናቂ የሚመስለው ሁሉንም ድንጋይ አንድ ቡድን በተራ የሚያነሣ አድርገን ስናስብ ነው። 20 ሰዎች ያሉት አንድ ጭፍራ በቀን 5 ድንጋይ ያደርሳል ብንል፣ ለማጓጓዙ የሚበቁት 63 ጭፍሮች ወይም 1,260 ሰዎች ናቸው። ጠራቢውን፣ ገንቢውንና ጋጋሪውን ስንጨምርበት ቁጥሩ በእርግጥ ከፍ ይላል፤ ሆኖም አንድ የተደራጀ መንግሥት ከሚችለው በላይ አይሆንም።

«ዛሬም በማሽን አይቻልም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1586 በሮም ዶሜኒኮ ፎንታና የተባለ መሐንዲስ 330 ቶን ያህል የሚመዝነውን የቫቲካን ሐውልት 900 ያህል ሰዎችን፣ ፈረሶችን፣ ገመድንና የእንጨት መዘውሮችን ይዞ አንሥቶ አቁሞታል። በኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ያሉት ከባዶቹ ግራናይቶች 80 ቶን ገደማ ናቸው።

የላሊበላ ትውፊት ግን ከዚህ ወሬ ጋር መደባለቅ የለበትም። ቀን ሰዎች ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር የሚለው የእምነት ቃል መሮውን ከንጉሡና ከሕዝቡ እጅ አይነጥቅም። የህዋ እንግዶች ወሬ የሚያደርገው ግን ሠሪውን ሕዝብ ከታሪኩ ማውጣት ነው። የሮምን ኮሎሲየም ማን ሠራው ብሎ የሚጠራጠር እምብዛም አለመኖሩን ልብ ይሏል። በደቡባዊ አፍሪካ የምትገኘው ጥንታዊት የድንጋይ ከተማ ታላቋ ዚምባብዌም በቅኝ ግዛት ዘመን ለፊንቄያውያንና ለሌሎች መጤዎች ስትሰጥ ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ራንዳል ማኪቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን ባደረጉት ቁፋሮ ግን የአፍሪካውያን ሥራ መሆኗ ታይቷል።

በመጨረሻም ያልተመለሰውን ጥያቄ ከመልስ አልባነት ለይተው ይያዙት። የኩፉን ድንጋዮች ወደ ላይ ለማውጣት ያገለገለው መወጣጫ ቀጥ ያለ ይሁን ጠመዝማዛ አሁንም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በግብፅ በሚገኘው የሃትኑብ ካባ ግራና ቀኙ ደረጃ ያለው፣ የእንጨት ምሰሶ መትከያ ጉድጓዶች የተቆፈሩለት፣ ከኩፉ ዘመን ጀምሮ ያገለገለ ቀጥ ያለ አቀበት ተገኝቷል። ይህ ጊዛ ላይ ተመሳሳይ መወጣጫ ነበረ ለማለት አያበቃም፤ በዚያው ንጉሥ ዘመን የነበሩ ሰዎች ከባድ ድንጋይ በዳገት ላይ የሚጎትቱበት ዘዴ እንደነበራቸው ግን ያሳያል።