የገላ መታጠቢያ ገንዳ ቧንቧን እራሳችሁ ቀይሩት

መጀመሪያ ግን፣ እውነት መቀየር አለበት? ከአፉ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለቀው ውስጡ ያለው ጎሚኒ ወይም ካርትሬጅ (ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ተነቃይ ክፍል) ነው፤ እሱን ቀይሮ መገላገል ይቻላል። አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ዝገት ከበላው ግን ይነቀል።

የማወራው ግድግዳ ላይ ስለሚገጠመው፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ስለሚቀላቅለው ሚክሰር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱን መግቢያዎች ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። በጣም የተለመደው 150 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ቢዛነፍ አትጨነቁ፣ አብረውት የሚመጡት ጠመም ያሉ ማገናኛዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው።

ዋናውን ቫልቭ ዝጉ። ቦይለር ካለ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ የውሃ መስመሩንም ዝጉ፤ ከዚያ ቧንቧውን በሙቁም በቀዝቃዛውም ከፍታችሁ ጭጭ እስኪል ጠብቁ። የገንዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ (ጎሚኒ እዚያ ከገባ አለቀለት)፣ የገንዳው ወለል ላይም ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፣ መፍቻ ቁልፍ ካመለጣችሁ ገንዳውን ይሸርፈዋል።

ሁለቱን ዳዶዎች ፈትታችሁ አሮጌውን አውርዱ። ማገናኛዎቹን ስትፈቱ ቀስ በሉ። እምቢ ካሉ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭታችሁ ተዉአቸው፤ በጉልበት ከሄዳችሁ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ሊሰበር ይችላል፣ ያኔ ሴራሚክ ማፍረስ ሊመጣ ነው።

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። የአዲሱን ማገናኛ ጥርስ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ቴፍሎኑን (ውሃ እንዳያሾልክ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ቴፕ) ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ወጠር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ስታስገቡት እየተላጠ ይወጣል። ሁለቱንም ካስገባችሁ በኋላ ሚክሰሩን ያለ ጎሚኒ በእጅ ብቻ ሞክሩት። ሁለቱም ዳዶዎች ሳይታገሉ መግባት አለባቸው፣ ሚክሰሩም በውሃ ልክ ሲታይ ቀጥ ማለት አለበት። ካልሆነ ማገናኛውን ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ብቻ አስተካክሉ፤ ወደ ኋላ ከመለሳችሁት ቴፍሎኑ ይላላል፣ እንደገና መጠምጠም ነው።

ሲስተካከል ሚክሰሩን አውርዱ፣ የግድግዳ ሽፋኖቹን አስገቡ፣ በየዳዶው ውስጥ ጎሚኒውን አስቀምጡና መልሳችሁ ግጠሙ። እዚህ ጋ ቴፍሎን አያስፈልግም፣ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ነው። በእጅ አጥብቃችሁ፣ ኒኬሉ እንዳይጫር ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ። ይበቃል! ከዚያ በላይ ጎሚኒውን መጨፍለቅ ነው።

ውሃውን ከመልቀቃችሁ በፊት አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጡ፣ ቆሻሻው ይውጣ። ዋናውን ቫልቭና የዘጋችሁትን የቦይለር መስመር ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ዳብሷቸው፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳብቃል። ዳዶው ጋ ከረጠበ ትንሽ ጠበቅ አድርጉት፣ ከግድግዳው በኩል ከመጣ ግን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፣ ነቅሎ ቴፍሎኑን መቀየር ነው። ቦይለሩን የምታበሩት ሙቁ መስመር አየር መትፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲጀምር ነው።