የተደራረቡ የፎቶ መለያዎችን እንዴት እናጥራ?

ጅማ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች በምናደራጀው የፎቶግራፍ ማኅደር «አባ ጅፋር» የሚለውን መለያ የከፈተ ሰው ንጉሡን ፈልጎ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ያገኝ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ጅሬን ላይ የሚገኘው ቤተ መንግሥታቸውና በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣው ክለብ በዚህ አንድ ስም ሥር ተደባልቀው ነበር።

እንዲህ ያለ መደራረብ ሲያጋጥምዎ በቅድሚያ የመለያዎቹን ዝምድና ይመርምሩ፤ አንድ ነገር ሁለት ስም ወጥቶለት ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚካተት ነው፣ ወይስ አንድ ስም ለተለያዩ ነገሮች ተሰጥቶ ነው? መልሱ የሚገኘው ከቃሉ ሳይሆን ከምስሎቹ ስለሆነ፣ በየመለያው ሥር ያሉትን ፎቶዎች ከፍተው ሳያዩ አይወስኑ።

የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። «ጅማ» እና «ጂማ»፣ «ቤተ መንግሥት» እና «ቤተመንግስት» ሲገጥሙዎ አንዱን መርጠው ሌላውን ወደተመረጠው እንዲመራ ያድርጉ። ቤተ መንግሥቱና ጅሬን ግን አይዋሐዱም፤ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሁሉ «ጅሬን» የሚለውንም መለያ ይይዛል፣ የጅሬን ፎቶ ሁሉ ግን የቤተ መንግሥቱ አይደለም።

ቡና ላይ ሲደርሱ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በአንድ ፎቶ ላይ የአንዲት ሴት እጆች ገና ቀይ የሆነውን እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲበትኑ ይታያሉ፤ ይህ «ቡና ማድረቅ» ነው እንጂ «ጀንፈል» አይደለም። በሌላው ላይ ቡናው ከነገለፈቱ ደርቆና ጠቁሮ በጆንያ ተሞልቷል፤ ይህኛው ጀንፈል ነው፣ ማድረቁ ግን አልፏል። አንዱ ሥራውን፣ ሌላው ነገሩን ስለሚጠራ፣ በአልጋው ላይ ሊደርቅ የተቃረበው ቡና ሁለቱንም መለያዎች ሊይዝ ይችላል።

እኔ ራሴ ያጠፋሁት «ከፋ» በሚለው መለያ ላይ ነው። ጅማ ለረጅም ዘመን የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች፣ በአሮጌ ፎቶዎች ጀርባ «ከፋ» ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ ከ«ጅማ» ጋር አዋሐድኩት፤ ወዲያው በዛሬው ከፋ ዞን የምትገኘው የቦንጋ ከተማ ፎቶዎች በጅማ ስም ይወጡ ጀመር። የቀድሞውን ዝርዝር ስላላስቀረሁ እያንዳንዱን ፎቶ ገልብጬ ጀርባውን ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ዛሬ «የቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር» እና «ከፋ ዞን» የተለያዩ መለያዎች ናቸው፤ እርስዎም ማናቸውንም መለያ ከማዋሐድዎ በፊት በሥሩ ያለውን የእያንዳንዱን ምስል ቁጥር በዝርዝር መዝግበው ያስቀምጡ። ከዚያም ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመለያው ሥር ይጻፉ።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ያሳስታል። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ፣ «1966» ብቻውን የአብዮቱን ዓመት ይሁን ከዚያ በፊት ያለውን አይለይም፤ ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጨመርበት መለያ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተለየ ፎቶ ካለ በግምት አይመድቡት፤ «ይጣራ» የሚል ጊዜያዊ መለያ ሰጥተው ፎቶውን ያመጣውን ቤተሰብ ይጠይቁ፣ ከጀርባው ያለውንም ጽሑፍ ከነስሕተቱ ቃል በቃል ገልብጠው በመግለጫው ሥር ያኑሩት።