ብላክን ወደ ነባር የፓይተን ፕሮጀክት ማስገባት

ብላክ የፓይተንን ኮድ በራሱ ሕግ መልሶ የሚጽፍ ፎርማተር ሲሆን፣ ለተጠቃሚው የሚተወው ምርጫ እጅግ ጥቂት ነው። ሌላ ካልተነገረው የመስመሩን ርዝመት 88 ፊደል ያደርጋል፤ ነጠላ ጥቅስንም በአብዛኛው ወደ ድርብ ይለውጣል። እኔ ድርብ ጥቅስን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፤ ሆኖም ስለ ጥቅስ መከራከር ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

በመጀመሪያ የቡድኑ አባላት በሙሉ አንድ ዓይነት የብላክ ስሪት እንዲጠቀሙ ቁጥሩን ቆልፉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የተረጋጋው የአጻጻፍ ስልት የሚቀየረው በየዓመቱ መጀመሪያ በሚወጣው ስሪት ስለሆነ፣ አንዱ የአምናውን ሌላው የዘንድሮውን ከያዙ አንዱ ያስተካከለውን ፋይል ሌላው መልሶ ያፈርሰዋል። የመስመር ርዝመትን የመሰለ ቅንብርም በትእዛዝ መስመር ላይ ሳይሆን በፕሮጀክቱ የቶምል የቅንብር ፋይል (pyproject.toml) ውስጥ ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው። የተከፈቱ ብራንቾችን (ለብቻ የሚሠራባቸውን የኮድ ቅርንጫፎች) አስቀድማችሁ ከዋናው ኮድ ጋር መርጅ አድርጉ፤ ከዚያ ብላክን በመላው ኮድ ላይ አስኬዱና ውጤቱን ሌላ ምንም ለውጥ በሌለበት ኮሚት (በአንድነት የሚመዘገብ ለውጥ) አስገቡት። አንድ ጊዜ የሁለት መስመር የስህተት ማረሚያ ከፎርማቱ ጋር ቀላቅዬ ልኬ፣ ገምጋሚው ማረሚያውን ከብዙ መቶ መስመር መሃል ሊያገኘው አልቻለም። ኮሚቱ ከገባ በኋላ መለያ ቁጥሩን በአንድ ፋይል መዝግቡና የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት በብሌም ጊዜ፣ ማለትም እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ ሲያሳይ፣ እንዲዘለው አዋቅሩት (ይህ ከጊት 2.23 ጀምሮ ይሠራል)፤ አለዚያ እያንዳንዱን መስመር የጻፈው ብላክን ያስኬደው ሰው ይመስላል። ብላክ ፋይሉን ከማስቀመጡ በፊት የቀድሞውና የአዲሱ ኮድ የአገባብ ዛፍ (ፓይተን ኮዱን የሚረዳበት መዋቅር) አንድ መሆኑን ቢያረጋግጥም፣ ቴስቶቻችሁን ማስኬድ አትተዉ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃውን ለማሽን ስጡት። ከኮሚት በፊት በራሱ የሚሠራ ሁክ (አነስተኛ ስክሪፕት) አስገቡ፤ በሰርቨሩ ላይ ደግሞ ብላክን በ«ቼክ» አማራጭ አስኬዱት፤ ፋይል ሳይነካ፣ ያልተስተካከለ ነገር ካገኘ ሥራውን በስህተት ይዘጋዋል። የኮድ አጻጻፍን የሚፈትሸውን ፍሌክ8 የምትጠቀሙ ከሆነ የመስመር ርዝመቱን አስማሙና ከሁለት ነጥብ በፊት ያለን ክፍተት የሚከለክለውን ሕግ አጥፉ፤ ሁለቱ በዚህ አይስማሙም።

ብዙዎች የማያውቁት መሪ አንድ ኮማ ነው። ሦስት ግብዓት ያለው የፈንክሽን ጥሪ በአንድ መስመር የሚበቃ ከሆነ ብላክ በአንድ መስመር ያኖረዋል። ከመጨረሻው ግብዓት በኋላ ኮማ ብታኖሩ ግን፣ ቦታ ቢበቃም እንኳ እያንዳንዱን ግብዓት በየራሱ መስመር ይደረድረዋል። ኮማውን ስታጠፉት ተመልሶ ይሰበሰባል። ወደፊት ግብዓት ሊጨመርበት የሚችል ዝርዝር ላይ ኮማውን መተው ይሻላል፤ አዲስ ግብዓት ሲመጣ በዲፉ (የለውጡ ማነጻጸሪያ) ላይ የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ይሆናልና።

አምዶቹ በእጅ የተሰለፉ የማትሪክስ ቁጥሮችን ለመሰለ ነገር፣ ፎርማትን የሚያጠፋና መልሶ የሚያበራ የኮሜንት ምልክት አለ። እኔ ከማትሪክስ ውጭ የተጠቀምኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።