ቦርዶ ስፕሪስ አይደለም፦ በቀዩ የፈረንሳይ ወይን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን ራት ላይ አንድ ወዳጄ የቦርዶ ጠርሙስ አዙሮ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበ። «ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ካበርኔ ፍራንክ... ስፕሪስ ነው በለኛ!» አለ። ሳቅን። ግን ብዙ ሰው ከልቡ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

«ከተደባለቀማ ተበርዟል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቦርዶ ያለችው ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ነው። ሰማዩ አይታመንም። ሚያዝያ ላይ ውርጭ ይመጣል። ሰኔ ላይ አበባው ላይ ይዘንባል። መስከረም ላይ ደግሞ ለቀማው ሲደርስ ሰማዩ ይጠቁራል። ሜርሎ የሚባለው የወይን ዝርያ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይበስላል፤ ስለዚህ ውርጩ የሚያገኘው እሱን ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ ይደርሳል። ከውርጩ ቢያመልጥ እንኳ የመስከረሙ ዝናብ ይጠብቀዋል። ገበሬው ታዲያ ሁለቱንም ተከለ። አንዱ ቢከዳው ሌላው አለ። በሰሜን ያለው ገበሬያችን ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ዱራግና ሲዘራም ሒሳቡ ያው ነው።

ልዩነቱ ቦርዶዎች ማሳው ላይ አይቀላቅሉም። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው ይጠመቃል። ከለቀማው ጥቂት ወራት በኋላ ጠማቂዎቹ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ፊታቸው ትንንሽ ጠርሙስ፣ መስፈሪያና መትፊያ አለ። ከዚህ 60፣ ከዚያ 35፣ ከሦስተኛው 5 ይሰፍራሉ። ይቀምሳሉ፣ ይተፋሉ፣ እንደገና ይሰፍራሉ። ካበርኔ ሶቪኞን አጥንቱ ነው፤ ድድ የሚይዘው ታኒን በብዛት የሚመጣው ከሱ ነው። ሜርሎ ሥጋው ነው፤ ለስላሳ፣ ፕሪም ፕሪም የሚል። ካበርኔ ፍራንክ ሽታ ይጨምራል። ፕቲ ቬርዶ የሚባለው ሌላው ፍሬ እንደ ኮረሪማ ነው፦ ትንሽ ሲገባ ያምራል፣ ሲበዛ ሌላውን ይውጠዋል። ፈተናውን ያላለፈው በርሜል ዋናው ጠርሙስ ውስጥ አይገባም። ብዙዎቹ አምራቾች «ሁለተኛ ወይን» ብለው በሌላ ስም፣ በረከሰ ዋጋ ይሸጡታል። በራዥ እንዲህ አይደክምም።

«ምጥኑ ስንት ስንት ነው?»

እንደ ሽሮ የታወቀ ምጥን የለውም። ደንቡ የትኞቹ ፍሬዎች እንደሚፈቀዱ ይናገራል፤ ከሜርሎ ይህን ያህል፣ ከካበርኔ ያን ያህል አይልም። ያንን የሚወስነው አፈሩና የዓመቱ አየር ነው።

ጋሮንና ዶርዶኝ የተባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ ይሆናሉ። ከውሃው ግራ ሜዶክ አለ፤ አፈሩ ጠጠራም ነው። ጠጠር ውሃ አይዝም፣ የቀኑንም ሙቀት ያቆያል። ዘግይቶ ለሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይህ እንደ ብርድ ልብስ ነው። በቀኝ በኩል ሴንት ኤሚልዮንና ፖምሮል አሉ፤ እዚያ ሸክላማ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። ቀዝቃዛ ስለሆነ ቦታው የሜርሎ ነው። ስለዚህ «ሜርሎ የጀማሪ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የፖምሮሉን ፔትሩስ አስታውሱት። በዓለም ውድ ከሚባሉት ወይኖች አንዱ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሜርሎ ብቻ።

የፍሬውን ስም ፊት ለፊት መፈለግ

ዝዋይ የተመረተ ሪፍት ቫሊ የለመደ ሰው ጠርሙሱ ላይ «ሜርሎ» ወይም «ካበርኔ» የሚል ይፈልጋል። ቦርዶ ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው ቦታው ነው። ነገሩ የሚያስቀው የዝዋዩን ወይን የተከለው ካስቴል ራሱ የቦርዶ ኩባንያ መሆኑ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሜዶክ ካለ ካበርኔ ሊያይል ይችላል፣ ሴንት ኤሚልዮን ካለ ሜርሎ።

«ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነበር»

አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1152 ቦርዶ የምትገኝበት የአኪቴን ግዛት ወራሽ ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች። ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። ቦርዶም እስከ 1453 ድረስ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ኖረች፤ ወይኗም በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ያኔ የሚጫነው ግን ፈዛዛ ቀይ ነበር፤ እንግሊዞች እስከ ዛሬ የቦርዶን ቀይ «ክላሬት» የሚሉት ከዚያ ወርሰው ነው። ዛሬ ስሙ የገነነው ሜዶክም አብዛኛው ረግረግ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ናቸው ውሃውን ያጠነፈፉት።

ካበርኔ ሶቪኞን ራሱ ማንም ያላቀደው ልጅ ነው። በ1997 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን አይተው የጥቁሩ ካበርኔ ፍራንክና የነጩ ሶቪኞን ብላን ዲቃላ መሆኑን አሳወቁ። ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ወይኖች በአጋጣሚ ተዳቅለው ነው የወጣው።

ካርሜኔር የሚባለውም የቦርዶ ፍሬ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ነፍሳት እርሻውን ስትፈጀው እሱም ከሞላ ጎደል ጠፋ። በ1994 አንድ ፈረንሳዊ የወይን ሊቅ ቺሊ ውስጥ «ሜርሎ» ተብሎ የሚለቀመውን ሲያይ ለካ ካርሜኔር ነው! ማልቤክም በ1956ቱ ውርጭ ክፉኛ ተመታ፤ አሁን ስሙ የሚጠራው አርጀንቲና ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ በ2021 እንደ ፖርቱጋሉ ቱሪጋ ናሲዮናል ያሉ ፍሬዎች በትንሽ መጠን ተፈቅደዋል። ድብልቁ አሁንም እየተቀየረ ነው።

የ1855ቱን ደረጃ የመላው ቦርዶ ማድረግ

ይህ ደረጃ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ባዘዘው መሠረት ደላሎች የቦርዶን ወይኖች በገበያ ዋጋ የደረደሩበት ዝርዝር ነው። ከቀዮቹ የገቡት የሜዶክ ብቻ ናቸው፣ ግራቭ ከሚባለው ሌላው የቦርዶ አካባቢ የገባው ኦ ብሪዮን ሲቀር። ፔትሩስን እዚያ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ገበታ ላይ

ሞቆ አይጠጣ። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ክፍሉ ከሞቀ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ወጣት ካበርኔ ከዶሮ ወጥ ጋር አልመክርም፤ ታኒኑና አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። የበግ ጥብስ በጥብስ ቅጠል ከሆነ ግን ሌላ ነው። ስቡ ታኒኑን ያለዝበዋል።

ከኮካ ጋር? ያኔ ወዳጄ ልክ ነው፤ ስፕሪስ ሆነ።