የኃይል ቁጠባ መርሐ ግብር ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሌሎቹን የሚወልደው ስህተት ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን ማምታታት ነው። ኪሎዋት ሰዓት በወሩ ውስጥ የተበላውን ኃይል ሲለካ፣ ኪሎዋት መስመሩና ትራንስፎርመሩ በዚያች ቅጽበት የተሸከሙትን ጫና ይለካል። 10,000 ባለ 60 ዋት አምፖሎች በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ፣ ወረቀት ላይ 510 ኪሎዋት ይቀንሳል። ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል። ነገር ግን ፍላጎት ጣሪያ በሚነካበት የምሽት ሰዓት የሚበሩት ከአሥሩ ስድስቱ ብቻ ከሆኑ ቅነሳው 306 ኪሎዋት ነው፤ አመሻሹ ላይ በሚዘጋ ቢሮ የተተከሉትማ ለዚያ ሰዓት ምንም አይፈይዱም። ስለዚህ አምፖል ከመግዛት በፊት የጭነቱን ኩርባ፣ ማለትም ፍላጎቱ በቀኑ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ በየሰዓቱ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ የተዘጋው ተመልሶ እንደሚከፈት መርሳት ነው። የውሃ ማሞቂያዎች በተለመደው ቀን ተራ በተራ ይበራሉ ይጠፋሉ። የኤሌክትሪክ አቅራቢው ተቋም ሁሉንም ለሁለት ሰዓት ከርቀት አጥፍቶ በአንድ ጊዜ ከለቀቃቸው ግን፣ ውሃው ቀዝቅዞ ስለሚጠብቃቸው ሁሉም በአንድነት ኃይል ይስባሉ። እንዲህ ሲሆን ሊሸሹት የፈለጉት ጫና ሰዓቱን ቀይሮ፣ አንዳንዴም ብሶበት ይመጣል። መፍትሔው በቡድን ከፋፍሎ፣ እያፈራረቁ መመለስ ነው።

ድጎማ ባይኖርም ዕቃውን ይገዛ የነበረን ደንበኛ ቁጠባ ለመርሐ ግብሩ ማስመዝገብም የተለመደ ነው። ያለፈውን ወር ሒሳብ ከአሁኑ ጋር ማነጻጸር አይበቃም፤ አየሩ ብቻውን ፍጆታን ይለውጣል። ድጎማውን ያላገኙ ተመሳሳይ ደንበኞች አብረው ይለኩ። ይህ ከመጀመሪያው ካልታቀደ፣ በኋላ አይገኝም።

በሌላ በኩል የመስመር ብክነትን፣ ማለትም ከማመንጫው እስከ ቆጣሪው በመንገድ የሚጠፋውን ኃይል፣ መዘንጋት ቁጠባውን አሳንሶ ያሳያል፤ ብክነቱ 10 በመቶ ከሆነ ቆጣሪ ላይ የዳነ 90 ኪሎዋት ሰዓት ማመንጫው ላይ 100 ነው።

ገቢው በሽያጭ ብዛት የሚወሰንን ተቋም «ትንሽ ሽጥ» ብሎ ከልቡ እንዲሠራ መጠበቅ ደግሞ የዋህነት ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቋማቱን ገቢ ከሽያጭ መጠን የነጠለችው በዚህ ምክንያት ነበር። ታሪፉ ሳይስተካከል የሚወጣ ዕቅድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አሮጌውን ሳይረከቡ አዲስ ማቀዝቀዣ መደጎምም አለ። አሮጌው ሌላ ክፍል ገብቶ የመጠጥ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ቤቱ በአንድ ፈንታ ሁለት ያንቀሳቅሳል። ድጎማው የሚከፈለው አሮጌው ሲመለስ፣ የተመለሰውም መፍረሱ ሲረጋገጥ ይሁን።