በስፖርት መኪና ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሜትርና ሲባጎ ያዙ

ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ ከሚያስገባው አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። አምስት ነን፣ አንዳንዴ ሰባት። ስፖርት መኪና ያለው ግን ማንም የለም። ያለን አንድ ቪትዝ፣ አንድ ዲኤክስ ኮሮላና ብዙ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ነው። ሆኖም አዲስ ቀላል ስፖርት መኪና ወጣ በተባለ ቁጥር ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንጨቃጨቃለን። አንዱ «ለሁለት ወንበር ይሄ ሁሉ ገንዘብ?» ይላል፣ ሌላው «አንተ ድሮም መኪና አይገባህም» ይለዋል። አንድ ጊዜማ አንዱ ሂሳብ ሳይከፍል ተነስቶ ሄደና ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳም። የተጣላነው ሁላችንም በማንገዛው መኪና ነው እኮ!

ከዚያ ወዲህ ለክርክሩ ደንብ አወጣንለት። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ካለ ውሰዱት።

መጀመሪያ ቃሉን አጥሩ። «ቀላል» ስንል ኪሎውን ማለታችን ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው ያለ ሰው የለም። የግማሹ ጭቅጭቅ መነሻ እዚህ ጋ ነው፣ አንዱ ስለ ክብደት ሲያወራ ሌላው ስለ ኪሱ ይሰማል። ስለዚህ ድንበር አስምሩ። የኛ 1,300 ኪሎ ነው። ለምን 1,300 ካላችሁ፣ ከመሃላችን አንዱ ቶዮታ ጂአር 86ን ስለሚወድና እሱን ለማስገባት ስንል ነው፤ ምንም ሳይንስ የለውም። ከዚያ በታች ማዝዳ ኤምኤክስ 5 አለ፣ ባለ 2 ሊትር ሞተሩ 1,060 ኪሎ ገደማ። አልፒን ኤ110 አለ፣ 1,100 ኪሎ አካባቢ። ከሁሉም በታች ካተርሃም ሰቨን 170 አለ፣ 440 ኪሎ ብቻ፣ አራት ኩንታል ተኩል እንኳ አይሞላም። ማወዳደሪያ ከፈለጋችሁ ከተማችንን የሞላው የኤሌክትሪክ አይዲ ፎር 2 ቶን አካባቢ ነው። በነገራችን ላይ ቪትዝና ኤምኤክስ 5 ሚዛን ላይ ቢወጡ ብዙም አይራራቁም። ባለቪትዙ ጓደኛችን ይሄን ካወቀ ጀምሮ አነጋገሩ ተቀይሯል።

ቀጥሎ የትኛውን ዋጋ እንደምታወሩ ተስማሙ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ስለሆነ ረጋ በሉ። አንድ መኪና ቢያንስ ሦስት ዋጋ አለው። የተሸጠበት አገር ዋጋ አለ፣ ጉምሩክ ደርሶ የሚሆነው ዋጋ አለ፣ ደላላው በጆሯችሁ የሚነግራችሁ ዋጋ አለ። ሦስተኛውን እርሱት።

ኤምኤክስ 5 አሜሪካ ውስጥ መነሻው 30,000 ዶላር አካባቢ ነው። ብሩ በባንክ 57 ገደማ በሚመነዘርበት ጊዜ ይሄ 1 ሚሊዮን 710 ሺህ ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፣ ዶላሩም በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያው መኪና፣ ያው ቀለም፣ ያው ሁለት ወንበር፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው በብር ዋጋ ሲጠራ «የመቼ ምንዛሬ ነው?» በሉት። አሮጌ ዋጋ ይዞ የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ይመስለዋል።

ግብሩ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው በመቶኛዎቹን ደምሮ ይጨርሳል። ስህተት ነው። አንዱ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ ነው የሚነባበረው። ቀረጡ በመኪናው ዋጋ ላይ፣ ኤክሳይስ ታክሱ ቀረጡ በተጨመረበት ላይ፣ 15 በመቶ ቫቱ ሁለቱም በተጨመሩበት ላይ፣ 10 በመቶ ሱር ታክሱ ደግሞ በሁሉም ላይ ይሰላል። ቀረጡን ለጊዜው ተዉትና በ100 ብር ሞክሩት። 100 በመቶ ኤክሳይስ ሲጨመር 200 ይሆናል፣ ቫቱ ሲጨመር 230፣ ሱር ታክሱ ሲጨመር 253። ዝም ብሎ የደመረው ሰው 225 ብሎ ተቀምጧል። በ3 ሚሊዮን ብር ላይ ይሄ ልዩነት ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አዲስ መኪናን የለየው በሞተር መጠን ነው። እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ። እዚህ ላይ ቀላል መኪና ያስቃል። ባለ 2 ሊትሩ ኤምኤክስ 5 መቶ በመቶው ውስጥ ይወድቃል። ጃፓን የሚሸጠው ባለጨርቅ ጣሪያው ግን 1,500 ሲሲ ስለሆነ በ60 በመቶ ያልፍ ነበር፤ መሪው በቀኝ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው። ያ ባለ 440 ኪሎ ካተርሃም ደግሞ ሞተሩ የሱዙኪ 660 ሲሲ ስለሆነ 5 በመቶ ብቻ! በር የለው፣ ጣሪያ የለው፣ ግን ለኤክሳይስ እንደሱ የሚመች የለም። አንድ ወር ሙሉ ስለዚህ ነገር ብቻ ስናወራ ከረምን።

ከዚያ አንዱ መጥቶ አበረደን። ከጥር 2016 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ከላይ ያለው ሂሳብ ሁሉ የህልም ሂሳብ ነው። ህልም ማስላት አይከለከልም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለ ሁሉ ህልም መሆኑን ይወቅ። ዛሬ በእውን የሚገባው የኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ቀላልም ኤሌክትሪክም የሆነ ሲባል የሚነሳው ካተርሃም በፈረንጆቹ 2023 ያሳየው ፕሮጀክት ቪ ነው። ያኔ የታሰበለት ክብደት 1,190 ኪሎ፣ የታሰበለት ዋጋ ከ80,000 ፓውንድ በታች ነበር። ባትሪ ተሸክሞ ከእኛ ድንበር በታች እንዲውል መታሰቡ ራሱ ጉድ ነበር። ግን «የታሰበ» የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ለእይታ የቀረበ መኪናና መንገድ ላይ የወጣ መኪና በኪሎም በዋጋም ሁልጊዜ አይገናኙም።

ዋጋው ከታወቀ በኋላ «ውድ ነው» ከማለታችሁ በፊት በስጋ ቤት ሂሳብ አስሉት። ዋጋውን ለኪሎው አካፍሉ። ኤምኤክስ 5 በኪሎ 28 ዶላር ገደማ ይወጣል። ጎርደን መሪ፣ ማክላረን ኤፍ 1ን የነደፈው ሰው ማለት ነው፣ ቲ.50 የሚባል ከ1,000 ኪሎ በታች የሆነ መኪና ሠርቷል፤ መቶ ብቻ፣ ዋጋው ከግብር በፊት 2.36 ሚሊዮን ፓውንድ። በኪሎ ከ2,360 ፓውንድ በላይ! ስጋ ቤት የምትከፍሉት ለተጨመረላችሁ ኪሎ ነው። እዚህ ግን ለተቀነሰላችሁ ነው የምትከፍሉት። አልፋ ሮሜዮ 4ሲ ሰዎቹ የሚቀመጡበት ገንዳው በካርቦን ፋይበር ተሠርቶ 65 ኪሎ ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ገንዘቡ የሄደው እዚያ ውስጥ ነው። «ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ ወንበሩ ቀጭን ነው፣ ታዲያ ምኑ ነው ይሄ ሁሉ ብር?» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይሄን ንገሩት። ካላመነ ማኪያቶ ጋብዙትና እለፉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ ከፍታችን። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ እንጦጦ ላይ ሲወጣ 3,000 ያልፋል። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ሳስቶበት። ባለ 181 ፈረስ ጉልበቱ ኤምኤክስ 5 እኛ ጋ ሲደርስ 140 አካባቢ ነው። አርባው ፈረስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርቷል። ኪሎው ግን አንድም ሳይጎድል አብሮ ወጥቷል።

ስለዚህ የፈረስ ጉልበት ብቻ ጠርቶ የሚከራከር ሰው ሲገጥማችሁ አንዱ ፈረስ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ጠይቁት። ለኤምኤክስ 5 ባህር ዳርቻ ላይ 5.9 ኪሎ ነበር፣ እዚህ 7.6 ሆነ። ያንኑ ሞተር 1,500 ኪሎ መኪና ላይ ብትገጥሙት ደግሞ ከ8.3 ወደ 10.7 ይወጣል። ደጋ ላይ ኪሎ የበለጠ ያስቀጣል፣ ለኛ የቀላል መኪና ትልቁ ውበቱም ይሄ ነው ባይ ነኝ። ተርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ጭራሽ አይጎድልበትም። እኔ የቤንዚን ሰው ነኝ፣ ይሄን ስጽፍ ትንሽ ይከነክነኛል።

ስለ ከፍተኛ ፍጥነት ግን ጊዜ አታጥፉ። ፈጣን መንገዱ ላይ እንኳ ወሰኑ 120 ነው፣ ከሱ ውጪ ሲኖትራክ፣ ባጃጅና አህያ አለ። የቀላል መኪና ደስታ ያለው በ50 እና በ60 ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ ነው። መሪው ሲዞር አፍንጫው ወዲያው ይከተላል። ፍሬንም እንዲሁ፤ የሚያቆመው ነገር ትንሽ ስለሆነ እንደ አባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ቶሎ አይግልም። አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉን፣ ስለ ፈረስ ጉልበት ስናወራ አይሰሙንም፣ ስለ ፍሬን ስናወራ ግን ወንበራቸውን ያስጠጋሉ።

«ቀላልነት፣ ቀላልነት ትላላችሁ፣ እኔ ልዩነቱ አይሰማኝም» የሚል ሰው ሁሌም አለ። አትከራከሩት፣ ቮልስ ያለው ጎረቤት ፈልጉለት። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ነው። ብቻውን ይንዳት። ከዚያ ሁለት ወፍራም ጓደኞች ከኋላ ጫኑበትና ያንኑ ዙር ይድገም። ማርሽ ሲቀይር፣ ኩርባ ላይ ሲገባ፣ ፍሬን ሲይዝ ሌላ መኪና ትሆንበታለች። ሁለቱን ሰዎች አይዲ ፎር ላይ ብትጭኗቸው መኪናው መኖራቸውንም ልብ አይል። እኛ ይሄን ያደረግነው ኮዬ ፈጬ መግቢያ ላይ ነው። ተጠራጣሪው ወርዶ ብዙ አላወራም፣ «ፍሪሲዮኑ ግን ይታይ» አለ ብቻ።

ለኑሮ ይመቻል ወይ የሚለውን በጤፍ ፈትኑት። የኤምኤክስ 5 የኋላ ኮፈን 130 ሊትር ነው የሚይዘው። አንድ ኩንታል ጤፍ በሊትር ሂሳብ ሊገባ ይችላል፣ በቅርጽ ግን አይሆንም፣ ቢገባም የመኪናውን ክብደት አሥር በመቶ ያህል ጨመራችሁበት ማለት ነው። ለሚስቱ ወይም ለእናቱ መልስ የሌለው ሰው እዚህ ጋ ዝም ቢል ይሻለዋል።

የመጨረሻው ፈተና መንገድ ላይ ነው። ሜትር፣ ሲባጎና ሁለት ድንጋይ ያዙ። የኤምኤክስ 5 የፊትና የኋላ ጎማ የሚራራቁት 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሆዱ ከመሬት የሚርቀው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከአስፋልት ወደ ግቢያችሁ በምትገቡበት መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን መሃል አድርጋችሁ ድንጋዮቹን በዚያው ርቀት አስቀምጡ። ሲባጎውን ከመሬት 13 ሳንቲ ሜትር ላይ አስራችሁ ወጥሩት። ጉብታው ከነካው መኪናው ሆዱን ይፍቃል። ባይነካውም ሁለት ጣት ካልተረፈ አይበቃም፣ ሰው ሲቀመጥ መኪናው ይወርዳላ።

መኪና በማይበዛበት ሰዓት ሥሩት፣ ለሰፈሩም ቀድማችሁ ተናገሩ። እኛ አልተናገርንም ነበር። ሲባጎውን እንደወጠርን አንዲት እናት ከግቢያቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ዳር ሰፈር ሜትርና ሲባጎ የያዘ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

«ልጆቼ፣ መንገድ ሊያልፍ ነው? ልታፈርሱብን ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ፣ መኪና እየለካን ነው።»

«የታለ መኪናው?»

አስረዳናቸው። ዋጋውን ጠየቁን፣ ነገርናቸው። ስንት ሰው እንደሚጭን ጠየቁ፣ ሁለት አልናቸው። ሲባጎውን ዓይተው፣ እኛን ዓይተው፣ «ግቡና ቡና ጠጡ፣ ፀሐይ መቷችኋል» አሉን።

ከጠጣን በኋላ ተመልሰን ለካን። ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ካሉት አምስት ጉብታዎች ሦስቱ ሲባጎውን ነኩ። ባለቪትዙ ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን ሲያይ ቆየና፣ «ይሄንን ማስተካከልስ ስንት ይፈጃል?» አለ።